በቆጂ ላይ የትኛውን መንገድ ልሩጥ?

መጀመሪያ ፍርዴን ልናገር። የሯጮቹ ከተማ፣ አርሲ ውስጥ ያለችው በቆጂ ሄዳችሁ አንድ ጠዋት ብቻ ካላችሁ ባሕር ዛፉ ጫካ ውስጥ ሩጡ። አስፋልቱን ተዉት። ዳገቱንም ሰውነታችሁ አየሩን እስኪለምድ አቆዩት። ከዚህ በታች የምጽፈው ለምን እንዲህ እንዳልኩ ለማስረዳት ነው። ቸኩላችሁ ከሆነ ግን ይቺው ትበቃችኋለች።

እኔ አትሌት አይደለሁም። አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ የምሠራ ሴት ነኝ። በየዓመቱ ኅዳር ላይ ለታላቁ ሩጫ ከጓደኞቼ ጋር እዘጋጃለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ እንጦጦ እወጣለሁ፣ አሥሩን ኪሎ ሜትር ከአንድ ሰዓት ትንሽ በለጥ ባለ ጊዜ እጨርሳለሁ። ጥቅምት ላይ ያልተጠቀምኩበት የአራት ቀን ፈቃድ ነበረኝ። ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ሄጄ ቁጭ ከምል እነ ደራርቱ ያደጉበትን አፈር ልርገጥ ብዬ ተነሳሁ። ከመሄዴ በፊት ስለ መንገዶቹ ብዙ ፈለግሁ። ስለ ሻምፒዮኖቹ የተጻፈው መዓት ነው። እንደኔ ዓይነቱ ተራ ሯጭ የት ጀምሮ የት ይጨርስ የሚለውን ግን የነገረኝ አላገኘሁም። ስለዚህ እኔ ልጻፈው።

መንገዱ ቀላል ነው። ከአዲስ አበባ አዳማ በፍጥነት መንገዱ፣ ከአዳማ አሰላ፣ ከአሰላ ደግሞ በሳጉሬ አድርጎ በቆጂ። ከአሰላ በኋላ ያለው 56 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዳማ ላይ ሞቆኝ ጃኬቴን አውልቄ ነበር፣ አሰላ ላይ መልሼ ለበስኩት፣ በቆጂ ስንገባ ነጠላዬንም ከላይ ደረብኩበት። ከሳጉሬ በኋላ ግራ ቀኙ የገብስና የስንዴ ማሳ ነው፤ በጥቅምት አንዳንዱ ገና አረንጓዴ፣ አንዳንዱ ወደ ቢጫ የዞረ። መስኮት ዳር መቀመጫ ያዙ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በቆጂ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እኛ አዲስ አበባ የምንኖር ሰዎች ከፍታ ለምደናል ብለን እናስባለን። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ግን ልዩነቱ 400 ሜትር ገደማ ነው፣ ሲሮጡበት ደግሞ በደንብ ይታወቃል። እዚያ ከፍታ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ካለው ከሩብ በላይ ያንሳል። በደረስኩበት ቀን ማታ አንድ ደረጃ ወጥቼ ክፍሌ በር ላይ ስደርስ ልቤ ሲመታ ይሰማኝ ነበር። ሌሊቱንም እንቅልፌ ብጥስጥስ አለ፣ ጠዋት ትንሽ ራስ ምታት ነበረኝ። ውሃ ጠጣሁ፣ ቁርሴን በላሁ፣ ሄደልኝ። የመጀመሪያውን ቀን ከሶምሶማ ያለፈ ነገር አትሞክሩ። ሰዓታችሁንም አትዩት። አዲስ አበባ አንዱን ኪሎ ሜትር በስድስት ደቂቃ ተኩል የምሮጥ ሰው እዚህ ስምንት ደቂቃ ስፈጅ ደንግጬ ነበር። አያስደነግጥም፣ አየሩ ነው።

ጫካው ከከተማው ዳር ነው። ማንንም ብትጠይቁ ያሳያችኋል፤ ቱታ ለብሳችሁ ካዩአችሁ ሳትጠይቁም በእጃቸው ይጠቁሟችኋል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ደረስኩ። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ጭጋጉ ከዛፎቹ መሀል አልወጣም። መጀመሪያ ያየሁት ሰው ሳይሆን የሰማሁት ድምፅ ነው፤ ብዙ እግር በአንድ ምት መሬት ሲነካ። ከዚያ ከጭጋጉ ውስጥ አንድ ልጅ ወጣ፣ ከኋላው ሌላ፣ ከኋላው ሌላ፣ ወደ ሃያ የሚሆኑ ወንዶችና ሴቶች አንድ በአንድ ተሰልፈው አጠገቤ አለፉ። ማንም አያወራም። ትንፋሻቸው ብቻ ነው የሚሰማው።

ቆሜ ሳያቸው አንድ ሰልፉን የሚከታተል ወጣት ተመለሰና፣ “እህቴ፣ ከኋላ መሆን ትችያለሽ። ግን እንዳትቀሪ፣ ጫካው ውስጥ መንገዱ ይጠፋሻል” አለኝ። ያ ቡድን የዕለቱን ቀላል ልምምድ ነበር የሚሠራው። ባይሆን ኖሮ አንድ ኪሎ ሜትርም አልከተላቸውም ነበር። ቀላል ባሉትም እኔ በሙሉ አቅሜ ነው የሮጥኩት።

ከዚያ ጠዋት የተማርኩትን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ይህን ጫካ ለብቻችሁ ብትሮጡት ግማሹን ነው የምታገኙት። እነዚህ ልጆች ቀጥ ብለው አይሮጡም። በዛፎቹ መሀል ወዲህና ወዲያ ይታጠፋሉ። ተዳፋቱን በአግድም ይይዙታል፣ ትንሽ ይወጣሉ፣ ዞረው ደግሞ ይወርዳሉ። መንገድ የሚባል ነገር የለም፤ የፊተኛው የሄደበት መንገድ ይሆናል። ለምን እንደዚህ እንደሆነ በኋላ ያንን ወጣት ጠየቅሁት። “ቀጥታ ከሆነ ዓይን ይሰለቻል፣ ሰውም ይፈጥናል። ስትታጠፊ ፍጥነትሽን ትይዣለሽ፣ ዳገቱም ይለዝባል” አለኝ። እውነቱን ነው። 8 ኪሎ ሜትር ስሮጥ አንዴም ስንት ቀረኝ ብዬ አላሰብኩም። የማስበው ስለሚቀጥለው ዛፍ ብቻ ነበር።

ሌላው በጣም የወደድኩት ነገር ምልክታቸው ነው። የፊተኛው ሥር ወይም ጉድጓድ ሲያይ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ ያመለክታል። ከኋላው ያለችው እንደዚያው ታደርጋለች። ምልክቱ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ እኔ ዘንድ ይደርሳል። ከእኔ ኋላ ማንም አልነበረም፣ ግን እኔም እጄን ዘረጋሁ። ለአንድ ሰዓት ያህል የማላውቃቸው ልጆች እግሬን ከመሰበር ሲጠብቁልኝ ነበር። ይህን ስጽፍ አሁንም ደስ ይለኛል።

መሬቱ ለስላሳ ነው። የረገፈው ቅጠል ተነጥፎበታል፣ ከሥሩ ያለው አፈር እርጥበት አለው። አዲስ አበባ አስፋልትና ንጣፍ ድንጋይ ላይ ስሮጥ ቀኝ ጉልበቴ ሁልጊዜ ያስቸግረኛል፤ እዚህ ሦስት ጠዋት ሮጬበት ምንም አላለኝም። ችግሩ የዛፎቹ ሥር ነው። ቅጠሉ ስለሚሸፍነው አይታይም። እግራችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንሱ፣ ሲደክማችሁ ደግሞ ቁሙ፤ ሰው የሚወድቀው ሲደክመውና እግሩን መጎተት ሲጀምር ነው። ለጫካው ከአምስት አምስት ሰጥቼዋለሁ፣ ስድስት ቢኖር ስድስት እሰጠው ነበር።

ሁለተኛ የማስቀምጠው ከከተማው ወጥቶ በማሳዎቹ መሀል የሚሄደውን ኮሮኮንች ነው። ሰፊ ነው፣ ሜዳና ትንሽ ትንሽ ዳገት ይቀያየርበታል፣ እንደፈለጋችሁ 5 ወይም 15 ኪሎ ሜትር ልታደርጉት ትችላላችሁ። ከሩቁ ተራራው ይታያችኋል። ለብቻው መሮጥ ለሚወድ ሰው ከጫካው ይሻላል፣ ምክንያቱም አይጠፋባችሁም፤ ሄዳችሁ በሄዳችሁበት ትመለሳላችሁ። ጠዋት ጠዋት ወተት ይዘው ወደ ከተማ የሚገቡ ሴቶች፣ የፈረስ ጋሪ፣ ከብት የሚነዱ ልጆች ታገኛላችሁ። ቦታ ልቀቁላቸው። እኛ ለመዝናናት ነው የመጣነው፣ እነሱ ሥራ ላይ ናቸው።

አንዲት እናት ጀርባቸው ላይ ጭራሮ ተሸክመው ሲመጡ ዳር ይዤ ቆምኩላቸው። እሳቸው ግን እኔን ዓይተው ነው ያዘኑት መሰለኝ፣ “ጀባዹ! ጀባዹ!” አሉኝ። በርቺ ማለት ነው። ከአፋን ኦሮሞ ሰላምታ አንድ ሁለት ቃል ይዛችሁ ሂዱ። “አከም ቡልተን” ብላችሁ ስታልፉ የሰው ፊት ሲፈካ ታያላችሁ። ልጆች ከኋላችሁ ተከትለው ይሮጣሉ፣ አንዳንዱ በባዶ እግሩ፣ አንዳንዱ በፕላስቲክ ጫማ፣ ደብተሩን በእጁ ይዞ። ይቀድሟችኋል። ያንን ስታዩ ስለዚች ከተማ የሚባለው ሁሉ ከየት እንደመጣ ይገባችኋል።

ኮሮኮንቹ ላይ የሚያስቸግረው ውሻ ነው። የእረኛ ውሾች የሚሮጥ ሰው አይወዱም። ሲመጡባችሁ ሩጫውን አቁማችሁ በእርጋታ ተራመዱ። አንዴ ጎንበስ ብዬ ድንጋይ የማነሳ መሰልኩና ውሻው ተመለሰ። ባለቤቱም እየሮጠ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀኝ። ከአምስት አራት።

አስፋልቱን በአጭሩ ልለፈው። ወደ ዶዶላና ወደ ባሌ የሚሄደው መኪና ሁሉ በዚያው ያልፋል፣ የመንገዱ ዳር ጠባብ ነው፣ ጠዋት ጭጋግ ሲኖር ሾፌሩ አያያችሁም። አትሌቶቹ ረጅም ሩጫ ሲኖራቸው ሲሮጡበት ዓይቻለሁ፣ ግን እነሱ በቡድን ነው የሚወጡት። ለእንግዳ አልመክርም። አንድ ከአምስት፣ እሱንም ለእይታው።

ዳገቱ ላይ ሰዎች ከእኔ ጋር ላይስማሙ ይችላሉ። በቆጂ በተራሮች የተከበበች ናት፤ በስተሰሜን በአሰላ በኩል ጭላሎ አለ፣ በስተደቡብ ካካ፣ ሁለቱም ከ4,000 ሜትር ያልፋሉ። ብዙ ሰው እዚህ ሲመጣ የመጀመሪያ ሐሳቡ ተራራ ላይ ሮጦ ፎቶ መነሳት ነው። እኔም በሦስተኛው ቀን ወደ ካካ አቅጣጫ ከአንድ የአካባቢው ወጣት ጋር ሄጃለሁ። እስከ ግርጌው በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር። ሮጥኩ ብዬ አልዋሽም። ሃምሳ ሜትር ሮጬ መቶ ሜትር እየተራመድኩ ነው የወጣሁት። የገብስ ማሳው ሽቅብ እስከሚገርም ድረስ ይወጣል፣ ከዚያ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ይጀምራል። አስታው ጋ ስንደርስ ነፋሱ ተለወጠ፣ ጆሮዬ ቀዘቀዘ፣ ተመለስን። እይታው ልብ ይነካል። እንደ ሩጫ መንገድ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለመጣ ሰው ከባድ ነው፣ ሲወርዱበት ደግሞ ከመውጣቱ ይብሳል፤ ጭኔ ሁለት ቀን ሙሉ ታሞ ነበር። ሳምንት የምትቆዩ ከሆነ በመጨረሻዎቹ ቀናት ሞክሩት። ለብቻችሁ ግን በፍጹም አትውጡ፣ ደመና ከወረደ አቅጣጫ ይጠፋል። እንደ እግር ጉዞ አምስት፣ እንደ ሩጫ ሦስት።

ልጆቹ ዙር የሚሠሩበት የመሮጫ ሜዳም አለ፤ እዚያ ልምምድ የሚታየው በሌላ ሰዓት ነው። እዚያ እኔ አልሮጥኩም፣ ዳር ቁጭ ብዬ ነው ያየሁት፣ ለእናንተም ይህንኑ ነው የምመክረው። ልጆቹ ዙር ሲሠሩ መሀላቸው መግባት ነውር ነው። አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ እዚህ ከተማ የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ሆነው ነው ደራርቱን፣ ቀነኒሳን፣ ጥሩነሽን ገና በልጅነታቸው ያሠለጠኑት። እስቲ አስቡት። ደራርቱ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትሩን ስታሸንፍ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ከአራት ዓመት በኋላ ፋጡማ ሮባ አትላንታ ላይ ማራቶኑን ወሰደች፣ ያንን ያደረገች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት እሷ ናት። በ2008 ቤጂንግ ላይ ደግሞ 5,000ውንም 10,000ውንም፣ በወንዶች ቀነኒሳ፣ በሴቶች ጥሩነሽ። በ2012 ለንደን ላይ ቲኪ ገላና በማራቶን። ሁሉም ከዚችው አካባቢ! አጠገቤ የተቀመጠች የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ጫማዋን እያሰረች ይህን ሁሉ ስም ከነዓመቱ ቆጠረችልኝ። እኔ ሁለቱን ዓመት ተሳስቼ ነበር፣ አርማኛለች። ጫማዋ በሁለት ዓይነት ክር የተሰፋ ነበር። ቤታችሁ ውስጥ የማታደርጉት ጤነኛ የሩጫ ጫማ ካለ ይዛችሁ ሂዱና ለአሠልጣኞቻቸው ስጡ፤ ለማን እንደሚሆን እነሱ ያውቃሉ። ልጆቹን ሳታስፈቅዱ ደግሞ ቪዲዮ አትቅረጹ።

ስለ ጫማ ካነሳሁ አይቀር አንድ ምሬት አለኝ። ለዚህ ጉዞ ብዬ አዲስ አበባ አንድ ሱቅ ውስጥ አዲስ የጫካ ሩጫ ጫማ ገዝቼ ነበር። ኦሪጅናል ነው ተብዬ፣ የኦሪጅናል ዋጋ ከፍዬ። በሦስተኛው ቀን ከካካ ስንወርድ የቀኙ ሶል ከፊት በኩል ተላቀቀ። ጭቃ ያዘው፣ ሙሉ በሙሉ ተገነጠለ። በፌስታል አስሬው ነው ከተማ የገባሁት። ስመለስ ሱቁ ሄጄ ባሳያቸው “ተራራ ላይ መውጣት አልነበረብሽም” አሉኝ። የተራራ ጫማ ብለው የሸጡልኝ እነሱ! እጅግ ነው ያዘንኩት፣ ምክንያቱም ገደላማ ቦታ ላይ ቢሆን ኖሮ እግሬ ይሰበር ነበር። ጫማ ስትገዙ ሶሉን በእጃችሁ አጥፉት፣ የተጣበቀበትን መስመር በጥፍራችሁ ፈትሹ፣ ደግሞ አዲስ ጫማ ይዛችሁ ሩቅ አገር አትሂዱ፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሮጣችሁበት እዩት። በቆጂ ላይ ግን መንገድ ዳር የተቀመጡ አንድ ጫማ ሰፊ አባት በወፍራም ክር ዙሪያውን ሰፍተው፣ በማስቲሽ አጣብቀው፣ በማግስቱ ጠዋት ጫካ እንድሮጥበት አደረጉኝ። ተጨማሪ ብር ስሰጣቸው እንቢ አሉ። እስካሁን እየሮጥኩበት ነው።

ምግብ ላይ ቅር የሚል ሰው አይኖርም። ከሩጫ በኋላ ቅንጬ በቅቤ፣ ትኩስ ወተት፣ እርጎ። ጭኮ ካልበላችሁ አርሲ ሄድን አትበሉ፤ ከገብስ ዱቄትና ከተነጠረ ቅቤ የሚሠራ ነው፣ ትንሿ ጉርሻ ረጅም ሰዓት ትይዛለች። እኔ ወደ ካካ ስንሄድ በትንሽ ዕቃ ይዤ ነበር፣ ከማንኛውም የታሸገ ብስኩት የተሻለ ጉልበት ሰጥቶኛል። ከሩጫ በፊት ግን አትብሉት፣ ይከብዳል።

ማረፊያው ቀላል ነው። ንጹሕ አልጋ ይገኛል፣ ቅንጦት አትጠብቁ። ያረፍኩበት ቤት ሙቅ ውሃ አለ ብለውኝ በአራቱም ቀን አልነበረም፤ የሚያጸዱት እህት ግን ዕቃ ሙሉ ውሃ አሙቀው በሬ ላይ ያስቀምጡልኝ ነበር። ወፍራም ሹራብና ካልሲ ያዙ። ፀሐዩም እንዳያታልላችሁ፤ ከአራት ሰዓት በኋላ ይፋጃል፣ ከንፈሬ ተሰነጣጥቆ ነው የተመለስኩት። ኮፍያና የከንፈር ቅባት አትርሱ።

ሴት ለብቻዋ ብትሄድስ ለምትሉ፦ እኔ ለብቻዬ ነው የሄድኩት። ኮሮኮንቹ ላይ ብቻዬን ሮጬ አንድም ክፉ ቃል አልሰማሁም። ሴት ስትሮጥ እዚያ ብርቅ አይደለም፤ አዲስ አበባ ሰፈሬ ውስጥ የሚወረወርብኝን ግማሹን እንኳ አልሰማሁም። እንዲያም ሆኖ ጫካውን ከንጋት በፊት ብቻዬን አልገባሁም፣ እናንተም አትግቡ። ጅብም አለ፣ ጨለማም ነው። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም እዚያ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ፣ የሚነግራችሁንም ስሙ።

ወቅቱን በተመለከተ ከሐምሌና ነሐሴ ሽሹ። የአካባቢው ሰው እንደነገረኝ ያኔ ጭቃው ጫማ ላይ እየተደራረበ እንደ ድንጋይ ይከብዳል፤ እኔ በጥቅምት ራሱ ዝናብ ከጣለ በኋላ ትንሽ ቀምሼዋለሁ። ኅዳርና ታኅሣሥ ደረቅ ነው፣ ንጋት ላይ ግን ውርጭ ይኖራል።

በመጨረሻው ጠዋት ጫካ ስደርስ ያው ቡድን ሊነሳ ሲል ነበር። ያ ወጣት ከሩቅ ዓይቶኝ ቆመ፣ ሰልፉም ቆመ። “ጫማሽ ተሰፋ?” አለኝ። ተሰፋ አልኩት። ከኋላ ገባሁና ተነሳን። ያን ቀን ከእኔ ኋላ አንዲት አዲስ የመጣች ትንሽ ልጅ ነበረች። ሥር ሲያጋጥመን እጄን ወደ ኋላ ዘረጋሁላት።